ፎቁ ጋ ወደ ግራ

መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ «አውቀዋለሁ» አለው። ያለ እሱ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ካለ ገና ፈቃዱን አልወሰደም ማለት ነው። የኛ ወንበር ፋብሪካ ድርሻ ክቡር የሽያጭ ኃላፊያችን ጋሼ አውቀዋለሁ ናቸው። በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው መታወቂያቸው ብቻ ነው።

ባለፈው ወር፣ ስሙ በገነነው ትልቁ ከተማ አዲስ የሚከፈት አዳራሽ ስድስት መቶ ወንበር ፈለገና ናሙና ይዘን እስከ ስድስት ሰዓት እንድንቀርብ ጻፈልን። ትእዛዙን ካጣን ፋብሪካው ይዘጋል፤ እኔን ጨምሮ አሥራ ዘጠኝ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ሥራ አስኪያጁ «ከተማውን የሚያውቅ ማነው?» ሲሉ ጋሼ ብድግ አሉ።

«አውቀዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እዞረዋለሁ።»

እኔ ቀለም ቀቢው ወንበሩን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። አድራሻው ያለበትን ደብዳቤ «ምን ያደርግልናል» ብለው ጠረጴዛቸው ላይ ትተውት መጡ።

ከአውቶቡስ እንደወረድን ክው ብዬ ቀረሁ። ሰዉ ሁሉ ይሮጣል፣ የሚያባርረው ግን የለም። ጋሼ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«አትገተር። ፎቁ ጋ ስንደርስ ወደ ግራ ነው።»

እኛ ከተማ ፎቅ አንድ ነው። «ፎቁ ጋ ጠብቂኝ» ተባብለው የተጋቡ ሰዎች አሉ። እዚህ ግን ሰማዩ ራሱ በፎቆች መሃል በቀጭኑ ነው የሚታየው። እኛም ፎቅ ባገኘን ቁጥር ወደ ግራ ታጠፍን። አራተኛው ላይ ስንታጠፍ አውቶቡሳችን ጋ ደረስን።

«ይኼ ሌላ አውቶቡስ ነው» አሉ ጋሼ። ሹፌሩ እጁን እያውለበለበልን ነበር።

እንጠይቅ አልኩ። መጠየቅ ለጋሼ ውርደት ነው። ቢሆንም ወደ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ጠጋ አሉ።

«ፎቁ የት እንደሆነ ታውቃለህ?»

ፖሊሱ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ጎን አየ፣ እኛን አየ። «የቱ ፎቅ?»

«አያውቅም» አሉኝ ዞር ብለው። «እየጠየቅኩት እንዳይመስልህ፤ እየፈተንኩት ነው።»

አምስት ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አንድ ሰው ፈትነው አሥራ አንዱንም ጣሉ። ከዚያ ግን ደከማቸው። ወንበሩን ከኔ ተቀብለው የእግረኛ መንገዱ ላይ አስቀምጠው ተቀመጡበት። ወዲያው አንዲት ሴት ከኋላቸው ቆመች። ከሷ ኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ከሽማግሌው ኋላ ሦስት ነርሶች ቆሙ። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሰልፉ ጥጉን ዞረ።

«ምን እየተሰጠ ነው?» ሲል አንዱ ሌላውን ጠየቀ።

«እኔ እንጃ፤ ብቻ እንዳያልቅ።»

ጋሼ ተነሥተው «ተራ በተራ!» አሉ። ሰዉ እየመጣ ይቀመጣል፣ እፎይ ይላል፣ አመስግኖ ይሄዳል። ስድስት ሰዓት አለፈ። እንሂድ እያልኩ ብለምን የሚሰማኝ አጣሁ። አንድ መቶ አርባኛው ተሰላፊ ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ ነበር።

«ለአዲሱ አዳራሻችን ይኼን የመሰለ ቢያመጡለት» አለ፣ ከጀርባችን ያለውን በር እያሳየ።

ስንገባ ስምንት ሰዓት ሆኗል። የግዢ ኃላፊዋ ፋይሉን ዘግታለች። «ሁለት ሰዓት ዘግይታችኋል» አለች። አሥራ ዘጠኛችንም ቤታችን ቁጭ ስንል ታየኝ። ጋሼ ግን ወንበሩን ፊቷ አስቀመጡ።

«አልዘገየንም፣ እህቴ። እየፈተንነው ነበር። መቶ አርባ ሰው ተቀምጦበት አንዴ እንኳ ሲጥ አላለም። ካላመንሽ በመስኮት እይ።»

አየች። ወንበሩ ከሄደም በኋላ ሰልፉ እንደቆመ ነው። ቀስ ብላ ተቀመጠችበት፣ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘች፣ እፎይ አለች። ስትነሣ ፋይሉን መልሳ ከፈተችው።

በመመለሻችን አውቶቡስ ውስጥ ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ።

«ከዚህ በፊት የመጡት መቼ ነበር?» አልኳቸው።

«ዛሬ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ታዲያ ለምን አውቀዋለሁ አሉ?»

«የሚያውቅ ማነው ሲባል የሁላችሁንም ፊት አየሁት። ገርጥታችኋል። አንድ ሰው ማወቅ ነበረበት፣ ልጄ።»

እንደዚያን ቀን ሰው ወድጄ አላውቅም። በማግሥቱ የፋብሪካው ሰው ሁሉ ከቦኝ ከተማው እንዴት ነበር ሲለኝ እውነቱን ነገርኳቸው።

«ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ያዞሩኝ።»