ጉንጭ ያልነካው እንስራ

2017 ዓ.ም.፣ የክረምቱ ማብቂያ፣ ወላይታ ሶዶ።

ወገኖቼ፣ ትናንት ያደረግኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም።

አይ፣ ታምኑኛላችሁ። ግማሾቻችሁ በላይቭ አይታችሁታል!

ላላያችሁት ልናገር። ያያችሁትም አንብቡ፤ ስልኩ ያላሳያችሁ ነገር አለ።

አዲስ ለመጣችሁ፣ የምሕረት እናት ነኝ። ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ እናቴም ሸክላ ሠሪ ነበረች። ብዙ ማውራት አልችልበትም። ይህን ፔጅ የከፈተችልኝ ልጄ ናት። "እማ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ሥሪ፤ ሰው የሚያየው እጅሽን ነው" አለችኝ።

ዝም ብዬ ሠራሁ። ሰው መጣ። ተመስገን።

በልጅነቴ ሸክላ ሠሪ ናቸው ብሎ ከእኛ ጋር ማዕድ የማይቆርስ ብዙ ነበር። ውኃ ስንጠይቅ በሰባራ ዕቃ ይሰጡን ነበር፤ ዕቃውን የሠራነው ግን እኛው! ዛሬ የማላውቀው ሰው "እጅሽ ይባረክ" ብሎ ሲጽፍልኝ ስልኩን ይዤ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ።

ኮሜንታችሁ እንዴት እንደሚጣፍጠኝ አታውቁም። ጣፋጭ ጥርስ እንደሚያበላሽ ረሳሁ እንጂ።

ባለፈው ሳምንት ትልቅ እንስራ ስሠራ ቪዲዮ ለቀቅኩ። "ሲቃጠል አሳዪን!" አላችሁ። "ላይቭ ግቢ!" አላችሁ።

"ሐሙስ" አልኳችሁ።

ሐሙስ! ማን ሐሙስ በይ አለኝ? ሸክላ የሚደርቀው ሲደርቅ ነው። ሐሙስ የሚባል ነገር አያውቅም።

ሰማዩም አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። የዳሞታን ተራራ እንኳ ሳናየው ሰነበትን። እንስራዬን ምድጃ ጥግ አስጠግቼ ጸለይኩ። "ጌታ ሆይ፣ ሐሙስን ፀሐይ አድርግልኝ።"

ሐሙስ ፀሐይ ወጣ።

አያችሁ፣ እሱ የለመንኩትን ሰጠኝ። እንስራዬን አድርቅልኝ ብዬ አልለመንኩማ!

አሁን ስለ እሳታችን ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ጥፋቴ አይገባችሁም።

እኛ ሰፈር ሸክላ የሚቃጠለው በጋራ ነው። ሁላችንም የሠራነውን ይዘን ሜዳው ላይ እንወጣለን። አንድ ላይ እንደረድራለን፤ በኩበት፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በደረቅ ሣር እንሸፍናለን፤ እንጸልያለን፤ እንለኩሳለን። ማገዶው የጋራ ነው። አደጋውም የጋራ ነው።

ውስጡ ያልደረቀ ሸክላ እሳት ከገባ ይፈነዳል። ሲፈነዳ ደግሞ ብቻውን አይሞትም። ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል።

ለዚህ ነው የእማማ ባሎቴ ጉንጭ ያለን። እማማ ባሎቴ የሁላችን ታላቅ ናቸው። ከመደርደሩ በፊት እያንዳንዱን ሸክላ ያነሱና ቂጡን ጉንጫቸው ላይ ያስጠጋሉ፤ ትልቅ ከሆነ ደግሞ እሳቸው ጎንበስ ይላሉ። በእጅ አይሆንም፤ የእኛ እጅ ጭቃ ለምዶ ደንዝዟል። ጉንጭ ግን ያውቃል። ከቀዘቀዛቸው "ይሄ ገና ነው" ብለው ወደ ጎን ያደርጉታል። ባለቤቷም ተሸክማ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ማንም አይከራከርም። ማንም አይቀየምም። የእኔም ስንት ጊዜ ተመልሷል!

ዘነበችን ደግሞ ልንገራችሁ።

ከገሱባ አግብቼ ስመጣ በዚህ ሜዳ ቦታ አልነበረኝም። እንግዳ ነኝ፤ ማን ያስጠጋኛል? ዘነበች የራሷን ድስቶች ገፋ ገፋ አደረገችና "እዚህ አስቀምጪ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የእኔና የእሷ ሸክላ ጎን ለጎን ነው የሚቃጠለው። ምሕረትን ስወልድ ገንፎውን ያገነፋችው እሷ ናት። ባሌ ታሞ የተኛ ጊዜ ጭቃዬን የረገጠችው እሷ ናት። እህት የለኝም። ማለቴ፣ ነበረችኝ።

ትናንት ዘነበች ያመጣችው ጣባ ነው። ክትፎ የሚቀርብበት ጣባ። ከተማ ውስጥ አዲስ የተከፈተ ምግብ ቤት ለጊፋታ ብሎ አዝዟት ነበር። ጊፋታ አዲስ ዓመታችን ነው፤ በዚያን ሰሞን ሥጋ የማይበላ የለም። አስቡት! ከእኛ ጋር የማይበላው ከተማ በዘነበች እጅ ላይ ሊበላ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሌላ ነገር አልሠራችም።

አንዱን አንስቼ አየሁት። ከንፈሩ እንደ ቅጠል ስስ ነው።

"ዘኑ፣ ይሄንስ ለምግብ ቤት ከምትሰጪው ግድግዳ ላይ ስቀዪው" አልኳት።

"አስቀምጪው! ዓይንሽም እጅሽም ከባድ ነው" አለችኝ እየሳቀች።

ስልኬን የተገለበጠ ድስት ላይ አቁሜ ላይቭ ገባሁ።

እማማ ባሎቴ የዘነበችን ጣባ አንድ በአንድ ጉንጫቸው ላይ እያደረጉ "ደርቋል፣ የኔ ልጅ፤ ይሄም ደርቋል" እያሉ መጡ። ወደ እንስራዬ ደረሱ። ጎንበስ ሊሉ ሲሉ ስልኩን አዩት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ላይቭ ነው፣ እማማ። ሰዎች እያዩን ነው።"

"አሁን?"

"አሁን።"

"የት ያሉ ሰዎች?"

"አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ዲምቱ፣ ዐረብ አገርም አሉ።"

"ዲምቱም አሉ? የእህቴ ልጅ ያለው እኮ ዲምቱ ነው!"

ቀና አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደ ስልኩ ተጠጉና ደንቆሮ የሚያናግሩ ያህል ጮኹበት፦ "ታደሰ! እያየኸኝ ነው? እናትህን ጉልበቷን ያማታል! መጥተህ ጠይቃት! ስልክ ብቻ አትይ!"

እናንተም ልብ ላካችሁ። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ።

"ይሄ ቀዩስ ምንድነው?"

"እንወድዎታለን እያሉ ነው፣ እማማ።"

"እኔም እወዳችኋለሁ! ሁላችሁንም! ታደሰ ሲቀር!"

ሴቶቹ በሙሉ በሳቅ ሞቱ። እማማም እየሳቁ እንስራዬን አልፈው ወደ ቀጣዩ ሸክላ ሄዱ።

ጉንጫቸው አልነካውም።

አየሁ።

እናንተ አላያችሁም፤ በሳቅና በልብ መሐል ናችሁ። ዘነበችም አላየችም፤ ሣር ልታመጣ ሄዳ ነበር። ያየነው ሁለት ነን፤ እኔና እላይ ያለው።

"እማማ፣ ይሄኛው ቀረ" ማለት ብቻ ነበረብኝ። ሰው ሁሉ "ቁጥብ ሴት ናት" ይለኛል። ቁጥብነቴ ጊዜውን ሲመርጥ እዩልኝ!

ለምን ዝም አልኩ? ቢቀዘቅዛቸውስ ብዬ ነው። "ይሄ ገና ነው" ቢሉኝስ? በእናንተ ፊት እንስራዬን አቅፌ ወደ ቤቴ ስመለስ ልታዩኝ ነው። ሐሙስ ብያችሁ ነበራ።

እንስራዬን አነሳሁ። ከዘነበች ጣባዎች አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ሁልጊዜ እንደማደርገው።

ከዚያ ጸለይን። ጸሎቱን የመራሁት እኔ ነኝ።

አዎ። እኔ!

እሳቱ ተለኮሰ። "እሳቱ ቀስ ብሎ ነው መግባት ያለበት" እያልኩ አስተምራችኋለሁ። "ትዕግሥት ያስፈልጋል" እላችኋለሁ። ቪዲዮው አለ፤ ቃል በቃል ብያለሁ።

ጧ!

ዶሮዎቹ በረሩ። አመድ ወደ ላይ ወጣ። እማማ ባሎቴ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ጧ! ሁለተኛው የእንስራዬ ቂጥ መሆን አለበት። ወፍራም ነበር።

ትኩሱ ገል ማንንም አልነካም። ለዚህስ ዛሬም ተንበርክኬ አመስግኛለሁ፤ ነገም አመሰግናለሁ።

ዘነበች በትር አንስታ እሳቱን ልትገልጥ ሮጠች። እማማ "ተይ! አሁን ቀዝቃዛ አየር ካገኘው የተረፈውም ይሰነጠቃል" ብለው ቀሚሷን ያዟት። እውነታቸውን ነው። እሳቱ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ቆሞ መጠበቅ ነው። እሳት ውስጥ ምን እንዳለሽ ሳታውቂ።

ስልኩ ክፍት ነው። "ምን ተፈጠረ?" ትላላችሁ። "ጥይት ነው እንዴ?" ትላላችሁ።

እኔ ምን ብዬ መለስኩ?

"ነፋስ ነው።"

ነፋስ! ከኋላዬ የተሰጣው ልብስ በቪዲዮው ይታያል፤ አንድ እጅጌ አልተንቀሳቀሰም! አንዱ "እህቴ፣ ነፋሱ ሸክላ ብቻ ነው የሚመታው?" ብሎ ጻፈ። ሳቃችሁ። ሳቁ፤ ይገባኛል።

ዘነበች አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝ፤ እንዲሁ አየችኝ።

ላይቩን ዘጋሁት።

እሳቱ ሲበርድ አመዱን ገለጥን። እንስራ የሚባል ነገር የለም። ከእኔ ራቅ ያሉት ጣባዎች ተርፈዋል። ከእኔ አጠገብ የነበሩት ግን፣ አብዛኞቹ ማለቴ ነው፣ ተሰባብረዋል። ያልተሰበረውም ከንፈሩ ተቦድሷል። ከንፈሩ በተቦደሰ ጣባ ማን ክትፎ ያቀርባል?

ዘነበች አንድ አንዱን እያነሳች አመዱን እፍ ትላለች። ታያለች። ታስቀምጣለች። ሌላ ታነሳለች። አልጮኸችም። ምነው በጮኸችብኝ!

እማማ ባሎቴ ተነሡ። ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ዓይኔ ስልክ ላይ ቀርቶ ነው። አርጅቻለሁ። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይንካላችሁ።"

ይሄን ስሰማ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። መሬት ግን ለእኛ የምትከፈተው ስንቆፍራት ብቻ ነው።

"አይደለም፣ እማማ" አልኩ። "የእኔን አልነኩትም። አይቻለሁ። አውቄ ዝም አልኩ።"

"አውቀሽ?" አለች ዘነበች።

"አውቄ።"

"ለምን?"

"ሐሙስ ብያቸው ነበር።"

"ለእነማን?"

ስልኩን አሳየኋት። ስክሪኑ ጠፍቷል፤ አመድ የለበሰ ፊት ብቻ ነው ያለበት፣ የራሴ።

"በዚህ ሜዳ ቦታ የሰጡሽ እነሱ ናቸው?" አለችኝ። የተረፉትን ጣባዎች በቅርጫት አድርጋ ሄደች። ቅርጫቱን ሁልጊዜ በሁለት እጀታው የምንይዘው ሁለታችን ነን። ብቻዋን ተሸከመችው።

ቤት ስገባ ምሕረት "እማ፣ ቪዲዮሽን ስንት ሰው ሼር አደረገው!" አለችኝ። የምሥራች መስሏታል። ከቤተ ክርስቲያን አንዲት እህት ደወለችና "ነፋሱ እንዴት ዋለ?" አለችኝ።

"ደህና ነው፣ ይመስገን" አልኳት። ምን ልበላት?

ብዙዎቻችሁ "አይዞሽ፣ ሌላ እንስራ ትሠሪያለሽ" ብላችሁ ጽፋችኋል። አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው። እንስራማ እሠራለሁ። ጭቃ ሞልቷል። ጓደኛ ከየት ይቆፈራል?

ነፋስ አልነበረም። ዋሽቻችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ። እማማ ባሎቴም አላረጁም፤ ጉንጫቸው ከእኔ ምላስ ይሻላል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በማያውቁት ሰው ፊት ላለማፈር ብሎ በሚያውቁት ሰው ፊት የሚያፍር፣ ከእኔ ሌላ አለ? ካለ በኮሜንት ይጻፍልኝ፤ ብቻዬን አልሁን።

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ቤት ትቼ ወደ ጭቃው ጉድጓድ ወረድኩ። ለጣባ የሚሆነውን፣ ጠጠር የሌለበትን አፈር መርጬ ቆፈርኩ። ተሸክሜ ዘነበች ደጅ አወረድኩት። ማታ ወደ ሜዳው ተመልሳ የተሰበረውን ሁሉ ሰብስባ ደጃፏ ላይ ከምራዋለች። ጭቃ ብቻውን አይሆንም፤ የተወቀጠ ገል ካልተቀላቀለበት ይሰነጠቃል። ሙቀጫዋን ከጓሮ አወጣሁና ተቀምጬ መውቀጥ ጀመርኩ።

ድምፁን ሰምታ ወጣች። ደህና አደርሽ አላለችኝም። በሩን ተደግፋ ቆመች።

"ለጊፋታ አይደርስም" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ሰማዩን አይተሽዋል?"

አየሁት። ጠቁሯል።

ገባች። በቃ፣ በሩን ልትዘጋው ነው አልኩ። ወንፊት ይዛ ተመለሰችና ወደ እኔ ወረወረችው።

"የእንስራሽም ገል አብሮ አለበት። ወፍራም ነው። በደንብ ውቀጪው።"

ከዚያ በሩን ዘጋችው።

ወቀጥኩት።