ቄስ አያርስም ያለው ኮምፒውተር

የዓለምን ነገር ሁሉ በየዓይነቱ ከፋፍሎ ለኮምፒውተር የሚያስተምር ሊቅ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ቢቸና ገጥሞኛል። በእሱ ትምህርት ላም ከብት ናት፤ ከብት እንስሳ ነው፤ ቄስ ግን ገበሬ አይደለም። አለቀ!

ክረምቱ ሲገባ የሰፈራችን ቄስ ሊቁ በኮምፒውተሩ ገበሬ እየመዘገበ ወደሚያድልበት ቢሮ ማዳበሪያ ሊወስዱ መጡ። እኔ ከኋላቸው ተሰልፌያለሁ።

«ይቅርታ አባ፣ ማዳበሪያ ለገበሬ ነው። ኮምፒውተሩ እርስዎን ቄስ ነው የሚለው» አላቸው ሊቁ።

ቄሱ ጭቃ የለበሰ እግራቸውን አሳዩት።

«ኮምፒውተሩ እግር አያይም» አለ በትሕትና።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«አባቴም ሞጣ ላይ ቄስ ናቸው።»

«ታዲያ አርሰው አይደል ያሳደጉህ?»

ሊቁ ክው አለ። ስሕተቱ ገባው ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ስልኩን አንሥቶ ሞጣ ደወለና የገዛ አባቱን ከገበሬ መዝገብ አሰረዘ።