ጥቁር ሻሽ በትምህርት ቤት በር

እኛ መምህራን የምንወደው ነገር ቢኖር ደንብ መለጠፍ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ ቤተ ሙከራው ከተቆለፈ ቆይቷል፤ ደንቡ ግን በየዓመቱ አዲስ ታትሞ በር ላይ ይለጠፋል። ሰማያዊ ሹራብ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ ሻሽ፣ ሌላ ቀለም ክልክል። ልጆቹ ምን እንደሚያስቡ የሚጠይቅ አንቀጽ ፈልጌ አጥቻለሁ። እናንተ ካገኛችሁት ንገሩኝ።

የማወጋችሁ ላሊበላ ዳር፣ እኔው የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሆነው ነገር ነው። የማስተምረው የዜግነት ትምህርት መሆኑን ስናገር ያሳፍረኛል። ብርቄ የምትባል የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ፤ እጇን ሳታወጣ የማትውል፣ "ለምን?" ማለት የማይሰለቻት። ዘንድሮ ጥር ላይ አባቷ ሞቱ። ፀጉሯን ተላጭታ ጥቁር ሻሽ አሰረች፤ በእኛ አገር ለአባት ዓመት ሙሉ ጥቁር ይለበሳል። ከነርዕሰ መምህራችን ለቅሶ ደርሰናል። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ተቀመጥን፣ ንፍሮ ዘገንን፣ "ያጥናችሁ" ብለን ወጣን። ርዕሰ መምህሩማ "ብርቄ የሁላችን ልጅ ናት" ብሎ እናቷን አስለቀሳቸው።

በሳምንቱ ፈተና ጀመርን። የሁላችን ልጅ በር ላይ ተያዘች።

"ጥቁር ሻሽ አይፈቀድም፤ አውልቂ" አላት ርዕሰ መምህሩ።

"ዳይሬክተር፣ ለቅሷችን መጥተው አይተውኝ የለ?"

"ሐዘንሽን ቤትሽ። እዚህ ሁሉም እኩል ነው።"

"ካወለቅሁትማ አባቴን የካድሁት ይመስለኛል" አለችና ዞረች።

እኔስ? የፈተና ወረቀት ታቅፌ ከጎኑ ቆሜ ነበር። "ተዋት" ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም። ደወል ተደወለ፣ ገባሁ፣ ወረቀት አደልሁ። ሦስተኛው ጥያቄ፣ ራሴ ያወጣሁት፣ "ሐሳብን በነፃነት መግለጽ ሲባል ምን ማለት ነው? በምሳሌ አስረዱ" ይላል። በመስኮት ሳይ ምሳሌው ቁልቁለቱን እየወረደ ነው። በርዕሰ መምህሩም ተናደድሁ፣ በራሴ ግን ባሰብኝ።

በማግስቱ እናቷ መጡ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው። ሊሰድቡን ነው ብዬ ደስ አለኝ። አልተሳደቡም። ለርዕሰ መምህሩ እጅ ነሥተው፣ "እናንተም ደንብ አላችሁ፣ እኛም አለን ጌታዬ። ዓመቱ ሲወጣ፣ ጥቁሯን ስታወልቅ አመጣታለሁ" አሉት።

"አየህ፣ በሰላም ተግባባን" አለኝ ርዕሰ መምህሩ፣ እፎይ ብሎ።

ከእናቷ ኋላ ሮጥሁ። መንገድ ላይ ደረስሁባቸውና እስከዚያ ብርቄ ምን እንደምትሆን ጠየቅኋቸው። ቀና ብለውም አላዩኝ።

"ከኮን ከተማ ሽማግሌ እየላኩ ለትዳር የሚጠይቋት ሰዎች አሉ፣ መምህር። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ 'ትምህርቷ ላይ ናት' እያለ ይመልሳቸው ነበር። አሁን እኔ ምን ብዬ ልመልሳቸው?"

እኔ እመልሳቸዋለሁ ልላቸው አፌን ከፈትሁ። በር ላይ አንዲት ቃል ያቃተኝ ሰውዬ! መልሼ ዘጋሁት።