የጋሽ ጌታነህ ኮምፒውተር ጢጥ አላለችም

ይህ ነገር የሆነው በ2009 ዓ.ም. ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ባለው ጊዜ ነው። ቦታው ደብረ ብርሃን። ወሩን የምጠቅሰው ለታሪክ ጸሐፊዎች ብዬ አይደለም፤ ብርዱን እንድታስቡልኝ ነው። ደብረ ብርሃንን በታኅሣሥ ያላየ ሰው «በረደኝ» ሲል ቃሉን ተውሶ ነው የሚናገረው።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ ትንሽ ላስታውቅ። ጠንቃቃ ሰው ነህ ይሉኛል። ጠንቃቃ የሚሉኝ የሚወዱኝ ናቸው፤ ሌሎቹ ነዝናዛ ይሉኛል። የሠርግ መጥሪያ ሲደርሰኝ ደስ ከማለቴ በፊት የሆሄ ስሕተት እፈልጋለሁ። ብዙም አንብቤአለሁ። ንባብ ግን አንድ ክፉ ጎን አለው፤ ሰው ያነበበውን ነገር የሠራው ይመስለዋል። ስለ ዋና አንድ መጽሐፍ አንብቦ በሬሳ በሚባለው ወንዛችን ውስጥ በግንባሩ የዘለለ ወዳጅ ነበረኝ። በጋ ነበርና ውኃው ከጉልበት አያልፍም። ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ዛሬም «የምዕራፍ ሁለት» እያልን እንጠራዋለን። በእርሱ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ እንግዲህ።

በዚሁ ጠባዬ የተነሣ በእድራችን ውስጥ አንድ ሥራ አለኝ። ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈውም የማነበውም እኔ ነኝ። ማን ሾመህ አትበሉኝ። መጀመሪያ አንድ ሰው ለመነኝ፤ ከዚያ በኋላ የለመነኝ የለም፤ እኔም የቀረሁበት ቀብር የለም።

ጋሽ ጌታነህ ወዳጄ ነበር። በዕድሜ ቢበልጠኝም አንቱ እንዳልለው ራሱ ከልክሎኛል። የአንኮበር ተወላጅ ነው፤ በፍርድ ቤት ታይፒስትነት ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ጡረታ ሲወጣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጣለች አሮጌ ኮምፒውተር አገኘ። አሮጌ ስል ስክሪኗ ከበስተኋላው እንደ እርጉዝ የተቆዘረ፣ ስትበራ እንደ ወፍጮ የምታጓራ ማለቴ ነው። የጎኗን ክዳን ፈትቶ «ትተንፍስ» ብሎ ትቶታል። ማይክሮፎን ሰክቶ ድምፁን ይቀዳባታል። «የሕይወት ታሪኬን በገዛ አንደበቴ ቀድቻለሁ፤ ስሞት እሱን አሰሙልኝ፤ ማንም እንዳይደክም» ይል ነበር። ይህን ሲል ወደ እኔ ያይ እንደ ነበር ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

ሞተ። በቀብሩ ግርግር እኔም ወረቀቴን ሳልዘረጋ ቀረሁ፤ ኮምፒውተሯንም ያስታወሰ አልነበረም። በሠልስቱ ዕለት አስታውሰው ቢያበሯት ስክሪኗ ጨለማ ሆነ። ባለቤቱ እትዬ አስካለ «እንግዲያው ለአርባው ይደርሳል» ብለው እኔን አስጠሩኝ።

«ዘሪሁን» አሉኝ፣ «ፎቶው ይኸው ግድግዳው ላይ አለ። ልብሱም አለ። ድምፁ ግን ከዚያች ሳጥን ሌላ የትም የለ። ድምፁን አሰማኝ።»

ምን ማለት ነበረብኝ? «እሞክራለሁ» የሚባል ቃል አለ፤ አጭር ነው፤ ማንንም አሳፍሮ አያውቅም። እኔ ግን «ምን ችግር አለው እትዬ፣ ሁለት ቅዳሜ ይበቃኛል» አልኩ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ መፍቻዬንና ኤሌክትሪክ የምለካበትን ቴስተር ይዤ ሄድኩ። ለቅሶ ደራሹ ገና አልሳሳም፤ ቤቱ ሙሉ ነው። ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ጥገና ያነበብኩት መጽሐፍ ሱፍ የለበሰ ሰው ማዘርቦርድ ከሚባለው ሰሌዳ አጠገብ እንዳይደርስ ያስጠነቅቃል። ሱፍ ሲፋተግ የማይታይ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ያም ዕቃውን ያቃጥላል። እውነት ነው። ይህን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ግን ደብረ ብርሃንን አላየም። ክፍሉ ውስጥ ሱፍ ያልለበሰ ሰው ቢኖር ፎቶው ብቻ ነበር። እኔም ጨክኜ «በርኖስም ካፖርትም ይውለቅ» ብዬ አወጅኩ።

የእትዬ አስካለ ታላቅ ወንድም አያ ደምሴ ከጣርማ በር የመጡ በግ አርቢ ናቸው። በርኖሳቸውን አውልቀው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ጥቂት ተንቀጠቀጡና «አንተ ዘሪሁን» አሉ፣ «ለዚህ ቤት አንድ ሬሳ አይበቃውም?»

ለቅሶ ቤት ሳቅ እንዴት እንደሚታፈን ታውቃላችሁ። ነጠላው ሁሉ ወደ አፍ ሄደ።

ኮምፒውተር ሲበላሽ አዋቂ የማይሆን ሰው የለም። ባጃጅ ነጂው ጎረቤት «ባትሪው ነው» አለ፤ እርሱ ዘንድ ምንም ነገር ቢበላሽ ባትሪው ነው። አንድ መምህር «ቫይረስ ነው» አሉ። የቤቱ የንስሐ አባት ለሁሉም ጸበል ቢረጭባት እንደማይከፋ ተናገሩ፤ እኔም ውኃና ኤሌክትሪክ ስላላቸው ጠብ ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። መጨረሻ ላይ «እኔ እኮ ከውጭ ከውጭ ማለቴ ነበር» አሉ።

ሥራዬን ግን ሠርቻለሁ፤ ይህን ልካድ አይገባኝም። ኃይል ወደ ማዘርቦርዷ መድረሱን ለካሁ፤ ይደርሳል። ማራገቢያዋ ይዞራል፤ መብራቷ ይበራል። ሰዓቷን የምታስታውስበትን ክብ ባትሪ ለወጥኩ። እንደ ትንንሽ በርሜል የተደረደሩትን ካፓሲተሮች አንድ በአንድ ዳበስኩ፤ ያበጠም የፈነዳም የለም። ስክሪኗን በሌላ ስክሪን ቀየርኩ። ጨለማ። ድምፁ ያለበትን ዲስክ ነቅዬ ሌላ ቦታ ወስጄ ልሞክር ብል እትዬ አስካለ «የሟች ዕቃ ከአርባው በፊት ከደጅ አይወጣም» አሉ። ሌላ ኮምፒውተር እዚያው ላምጣ ብል፣ የዘንድሮዎቹ የዲስኳን ሰፊ ገመድ የሚቀበል አፍ የላቸውም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ወደ መጨረሻው ፈተና ደረስኩ። ፈተናው ቀላል ነው፤ እኔ ግን ቀላል ነገር በቀላሉ አልናገርም። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ይህች ሰፊ ሰሌዳ ማዘርቦርድ ትባላለች» አልኩ፣ «የሁሉ እናት እንደ ማለት ናት። እናት ልጇ ሲጎድልባት ትጮኻለች። አሁን ሚሞሪ የሚባለውን ልጇን ነቅዬ አበራታለሁ። በሕይወት ካለች በዚህች ሳንቲም በምታህል ስፒከር ጢጥ ጢጥ ብላ ትጮኻለች። ዝም ካለች ግን ሞታለች፤ የማንም እጅ አያድናትም።»

አያ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስለ ጩኸቷ እንኳ...» ሲሉ፣

«ጸጥታ!» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሚሞሪዋን ነቀልኩ። አበራሁ። ማራገቢያው ዞረ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አዳመጠ። ከጓሮ በግ ጮኸ፤ ማዘርቦርዷ ግን አልጮኸችም። አጠፋሁ፤ ደግሜ አበራሁ። ምንም።

«ታዲያስ?» አሉ እትዬ አስካለ።

ለቀብር በማወጣው ድምፅ «ሞታለች» አልኩ።

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ባላቸው ሲሞት ያለቀሱትን ያህል ያን ቀን እንደ አዲስ አለቀሱ፤ የዚህኛው መርዶ ነጋሪ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ያኔ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሚሞሪዋን አጽድቶ መመለስ፣ ሌላ ሰው መጠየቅ፣ ቢያንስ ቁጭ ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን «አይዞዎት እትዬ፣ ታሪኩን እኔ አዘጋጃለሁ» አልኳቸው። እትዬ አስካለ ወንድማቸውን አዩ። አያ ደምሴ መሬት መሬት አዩ። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለብን፤ ሰው ገደል ሲገባ እያየን፣ ቅር እንዳይለው ብለን መንገዱን እንለቅለታለን።

አርባው ደረሰ። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሟል። ነፋሱ ከጣርማ በር በኩል እንደ ምላጭ ይመጣል። ወረቀቴን ዘረጋሁ። ጋሽ ጌታነህ የአንኮበር ሰው ነውና ከአንኮበር ጀመርኩ። የተራራውን አቀማመጥ ተናገርኩ። ማን እንደ ቆረቆረው ተናገርኩ። ገበያውንና ደኑን አልዘነጋሁም። ሁለተኛውን ገጽ ስገልጥ ጋሽ ጌታነህ ገና አልተወለደም። ከሕዝቡ መካከል አንድ ሽማግሌ፣ ሹክ ያሉ መስሏቸው፣ «ይኸ ሰው የሚያነበው የጌታነህን ነው የሸዋን ነገሥታት?» አሉ። ሰማሁ። ሰምቼም ቀጠልኩ። ጥፋቴ እንዳያንስ ድምፄንም ከፍ አደረግኩ።

ቀና ስል ሰው ወደ ድንኳኑ በሁለት በሦስት እየሆነ ይሾልካል። ከፊቴ የቀሩት ካህናቱ፣ አያ ደምሴና እትዬ አስካለ ናቸው። እትዬ አስካለ ከንፈራቸው ጠቁሮ ይንቀጠቀጣሉ። ስጨርስ ቀረብ ብለው «ደከምክ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ጥቂት ሄደው ዞር አሉ። «ጌታነህ ግን እንዲህ አይደለም የሚናገረው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ መልስ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጃቸው ማለፍ አቃተኝ። ገበያ ስወርድ በታች በኩል፣ ጭቃውን እየረገጥኩ እዞራለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ለጤና ነው፣ እርምጃ ጥሩ ነው» እላለሁ። መንገድ ላይ ካየኋቸው ደግሞ የሱቅ ማስታወቂያ ቆሜ አነባለሁ። ስንቱን የሳሙና ማስታወቂያ በቃሌ አውቀዋለሁ መሰላችሁ!

ዓመታት አለፉ። ስድስት ወይም ሰባት። እትዬ አስካለ ቤታቸውን አከራይተው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ዕቃ ሲያወጡ፣ አያ ደምሴ ኮምፒውተሯን በባጃጅ ጭነው ደጄ ድረስ አመጧት። «ወይ ጣላት ወይ ያዛት ብላሃለች» አሉኝ። ግቡ አልኳቸው፤ ገቡ። በርኖሳቸውን አውልቀው አስቀመጡና «ቂም አይደለም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አሉ።

ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ እስከ ሆዷ ድረስ ታሳያለች። ከዚያች ሳንቲም ከምታህል ስፒከር የሚወጣው ቀጭን ገመድ ወደ ማዘርቦርዷ አልሄደም። ተጠቅልሎ፣ በሰፊው ገመድ ሥር ተሸጉጦ፣ በነጭ የጥጥ ክር በወግ ታስሯል። ሁሉን የፈተሽኩ ሰው አፏን አልፈተሽኩም። ክሩን ፈታሁ፤ ገመዱን ከቦታው ሰካሁ፤ አበራሁ።

ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«አሁንም አልተዋትም ይኸ አመሏ?» አሉ አያ ደምሴ።

«የቱ አመሏ?»

«በሠልስቱ ዕለት ሲያበሯት እንዲህ አልነበር የምትለው? ሴቶቹ ሙሾ ያወርዳሉ፣ እሷ ጢጥ ጢጥ ትላለች። ለቅሶ ቤት ሬዲዮ እንኳ ይዘጋል። ነውር ነው ብዬ ምላሷን ነቅዬ አሰርኩት። ዕቃው የሰው ነውና እንዳይጠፋ በክር።»

«ታዲያ አያ፣ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልነግርህ አፌን ስከፍት ጸጥታ አልከኝ። ሞታለች ብለህ ከፈረድክ በኋላ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላሳፍርህ?»

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ካለመስማት ምን እንደሚቀር የሚናገር ተረት አላገኘሁም፤ ያኔ ግን የቀረብኝን አየሁት። የጮኸችው ሚሞሪዋን መያዝ ስላቃታት ነበር። ሚሞሪዋን አውጥቼ ዝገት የያዛትን ጠርዟን በላጲስ ፈተግኩ፤ መልሼ ሰካሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ጢጥ አለችና ስክሪኑ በራ። በቃ። በላጲስ!

በማግስቱ እትዬ አስካለ ወደ ገቡበት የልጃቸው ቤት ይዣት ሄድኩ። በዋናው መንገድ፣ በፊት ለፊት። ሦስታችን ተቀመጥን፤ እኔ፣ እትዬ አስካለና አያ ደምሴ። ድምፅ ማጉያውን ሰክቼ የተቀዳውን ከፈትኩ። መጀመሪያ ሳል መጣ። በሳሉ ብቻ እትዬ አስካለ አፋቸውን ያዙ።

«እኔ ጌታነህ ነኝ። አንኮበር ተወለድኩ፣ ደብረ ብርሃን ሠራሁ፣ አስካለን አገባሁ። ከሦስቱ የኋለኛው ይበልጣል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ረጅም ነገር በታይፕ ስመታ ኖሬአለሁ፤ የኔ አጭር ይሁን። ሰው በብርድ አይቁም። ወደ ምግቡ ሂዱ።»

ዝም አለ። ያለቀ መስሎኝ ላጠፋ እጄን ዘረጋሁ። እትዬ አስካለ እጄን ያዙኝ። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ከዚያ ድምፁ ቀረብ ብሎ፣ እንደ ሹክሹክታ መጣ።

«አስካለ፣ ደግሞ ዘሪሁንን እንዳትለምኚው። ከለመንሽው እሺ ይላል።»