ስለ ድንኳኑ ዋጋና ስለ አቶ ኤርጎ ጤንነት የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ሚያዝያ 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ቦታ፦ ጂንካ፣ በእድሩ ሊቀመንበር ግቢ፣ ሊገዛ በታሰበውና ለሙከራ በተተከለው ድንኳን ሥር

የተገኙ፦ አቶ ጎሳዬ (ሊቀመንበር)፣ ወ/ሮ ብዙወርቅ (ገንዘብ ያዥ)፣ አቶ ኤርጎ (አንጋፋ አባል፤ ታመው በዱላ ተደግፈው የመጡ)፣ ታደለ (ጸሐፊ)

ያለ ድምፅ መብት የተገኙ፦ አቶ ዳርጌ (የድንኳኑ ባለቤት፣ የዲመካ ነጋዴ)

ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ስብሰባው በ8፡00 ሰዓት በለሆሳስ ጸሎት ተከፈተ፤ የቀበሌው ሰው በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ደግሞ በመፈክር ቀጠለ። ጸሐፊው ወረቀት እንዲቆጥብ በደቃቅ ፊደል እንዲጽፍ ታዟል። ማንበብ ያቃተው ሊቀመንበሩን ይጠይቅ።

አጀንዳ 1፦ የድንኳኑ ጥራት

ሊቀመንበሩ የአዲስ አበባው ሸራ ዘጠኝ መቶ ብር ሲሆን ይህ ሦስት መቶ ብቻ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ እድል ሁለት ጊዜ እንደማይመጣ አብራሩ። ወ/ሮ ብዙወርቅ ድንኳኑ ከእርዳታ ስንዴ ከረጢት የተሰፋ መሆኑንና በየከረጢቱ ላይ «አይሸጥም» ተብሎ መጻፉን አመለከቱ። አቶ ዳርጌ የረከሰውም ለዚሁ ነው ሲሉ መለሱ። መልሱ አጥጋቢ ሆኖ ተገኘ።

አቶ ኤርጎ ተቃወሙ። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ድንኳን ይገዛ በተባለ ቁጥር «ሰማይ በነጻ ነው» እያሉ ያስቀሩት እሳቸው መሆናቸው በመዝገብ ይገኛል። አሁን ግን ከታመሙ ወዲህ የድንኳኑ የመጀመሪያ ተጠቃሚ ማን እንደሚሆን ስለገባቸው፦ «ዕድሜ ልኬን ቆጥቤያለሁ፤ ስሞት አልቆጥብም! ሰው ለእኔ እያለቀሰ የስንዴ ጽሑፍ ያነባል እንዴ?» አሉ።

ሊቀመንበሩ ልዩነቱን ስድስት መቶ ብር ተጠቃሚው ራሱ እንዲከፍል ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ኤርጎ ሕመሙ ከጠዋት ጀምሮ ቀለል እንዳላቸው ገለጹ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦ (ሀ) ድንኳኑ በሁለት መቶ ሰማንያ ብር እንዲገዛ፤ (ለ) አቶ ኤርጎ ዝናቡ እስኪያባራ፣ ቢቻል እስከ ታኅሣሥ፣ እንዳይሞቱ በአክብሮት እንዲጠየቁ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። አቶ ኤርጎ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ።

አጀንዳ 2፦ ዝናብ

ይህ አጀንዳ አልተያዘም ነበር። በ9፡20 ሰዓት ዘነበ፤ ድንኳኑም በየስፌቱ አፈሰሰ። አቶ ዳርጌ እዚህ የሚወርደው ውጭ ከሚወርደው ያነሰ ነው ሲሉ አስረዱ። ወ/ሮ ብዙወርቅ የገንዘብ ሣጥኑን በነጠላቸው ሸፍነው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ። ሊቀመንበሩ ወንበር ላይ ቆመው ትልቁን ቀዳዳ በመዳፋቸው እንደያዙ ተረት አጀንዳ አለመሆኑን አሳሰቡ። የሚቀጥሉት አራት መስመሮች በውኃ ጠፍተዋል። ጸሐፊው እንደሚያስታውሰው ስድብ ነበሩ።

የሚመለሱበት የዲመካ ጭነት መኪና ሊነሳ ሲል አቶ ዳርጌ የራሰውን ድንኳን የሚጭንላቸው እንደሌለ ተረድተው ዋጋውን ወደ ሁለት መቶ፣ ቀጥሎም ወደ መቶ አወረዱ። በዚህ ጊዜ አቶ ኤርጎ ለራሳቸው በአርባ ብር መውሰድ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። ለምን ቢባሉ «ፈትቼ በቆሎ እከትበታለሁ» አሉ። መኪናው ጡሩንባውን ሲነፋ በሃምሳ አምስት ተስማሙ። አቶ ኤርጎ በድርድሩ ጊዜ አንዴም አለማሳላቸውን ጸሐፊው ታዝቧል፤ ከልቡም ተናዷል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። እድሩ እንደ ቀድሞው በሰማይ ሥር ይቀጥላል። አቶ ኤርጎ በፈለጉት ወር መሞት ይችላሉ።

አቶ ኤርጎ ለዚህ አመስግነው ኑዛዜያቸው በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ጠየቁ፦ «ስሞት ከረጢቶቹን ሰፍታችሁ ዘርጉልኝ። ለቅሶው ሲያበቃ ግን ቆጥራችሁ መልሱ፤ ሠላሳ ስምንት ናቸው።»

ስብሰባው በ10፡45 ሰዓት ተበተነ። ድንኳኑን ተሸክመው የወጡት አቶ ኤርጎ ናቸው፤ ዱላቸውን ረስተዋል።