የደጃዝማች ጉሬዛ ጉርሻ

ይህን ተረት ያወረሱኝ ከቤቴ ጀርባ የሚኖሩት እትዬ ደብሪቱ ናቸው። እሳቸው ከአክስታቸው ሰሙት፣ እኔ ከእሳቸው፤ በመካከል የጨመርኩት ካለ ልማዴ ነውና ይቅር በሉኝ።

ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ እንደ ሰው በሹመት በሚኖርበት ዘመን፣ ወርካ አምባ የሚባል ከተማ ነበረ። ከተማው ሙሉ በአንድ ትልቅ ወርካ ላይ የተሠራ ነው፤ ባላባቱ ከላይ ቅርንጫፉ ላይ፣ ድሃው ከታች ሥሩ ሥር። ከሁሉ በላይ የደጃዝማች ጉሬዛ ቤት ነበረ። ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን ለብሰው የሚወለዱ ናቸውና ማን ሾማችሁ ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ከታች ጅግራ ትኖር ነበር። የማን ጎጆ እንደሚያፈስ፣ የማን ባል ውጭ እንዳደረ፣ ከባለቤቱ ቀድማ ታውቃለች። የማታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጉሬዛ ቤት ምን እንደሚበላ። በዚያ ቤት ወግ ጌቶች ሲበሉ አይታዩም፤ ክፉ ዓይን እንዳያገኛቸው አጋፋሪው ጦጣ መጋረጃ ይዘረጋል። ወደ ውጭ የሚሰማው ማላመጥና የዋንጫ መጋጨት ነው። ጅግራ በዚያ ድምፅ ብቻ በሐሳቧ ስንት ድግስ ደገሰችላቸው።

ሦስት ዓመት ሙሉ እንቁላሏን እጅ መንሻ ስትወስድ ኖረች። "አንድ ቀን ከመጋረጃው ወዲያ ይጠሩኛል" ትላለች። በሦስቱ ዓመት አንድ ጫጩት አላየችም።

በአራተኛው ዓመት ሰባት ጣለች። ጎረቤቷ እማማ ኤሊ ቀስ እያሉ መጡና፣

"ዘንድሮስ ታቀፊያቸው፣ ልጄ። ዕድሜሽ ገፍቷል፤ ከእንግዲህ የምትጥይ አይመስለኝም" አሏት።

"እርስዎ ቤትዎን ተሸክመው ስለሚዞሩ የትልቅ ቤት ወግ አይገባዎትም፣ እማማ።"

"እኔስ የሚገባኝ ይኸው ቤቴ ነው" አሉ ኤሊ።

ጅግራ ሰባቱንም በቅርጫት ይዛ ወጣች። ያን ቀን አጋፋሪው እጅ ነሳና "ግቢ ተብለሻል" አላት። ከታች ያሉት ማየታቸውን እስክታረጋግጥ ሁለት ጊዜ ዞር አለች፤ ያላዩ ካሉ ብላም አሳለች።

ገባች። መሶቡ ባዶ ነበር። ደጃዝማች በባዶ አፋቸው ያላምጣሉ፤ እመቤቲቱ ሁለት ባዶ ዋንጫ ያጋጫሉ፤ ልጆቹ የካባቸውን ጫፍ ይመጠምጣሉ።

"እንኳን መጣሽ" አሉ እመቤቲቱ በሹክሹክታ፣ ማጋጨታቸውን ሳያቋርጡ። "ያንቺ እንቁላል ባይኖር እስከ ዛሬ ባልዘለቅን።"

"የሌሎቹስ እጅ መንሻ የታለ፣ እመቤቴ?"

"ሌላው ምን ሰጥቶ ያውቃል? ጅግራ ትሰጣለች ብሎ ይተኛል።"

ጅግራ ቅርጫቷን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። አሁን ይዛው ብትወርድ ሰባት ጫጩት አላት። ግን ከታች ያሉት ምን አየሽ ይሏታል። ባዶ መሶብ አየሁ ካለች ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ሞኙ ማን እንደነበረ አገር ያውቃል። ይህን ስታወጣ ስታወርድ ደጃዝማች አንዷን እንቁላል አንስተው ሰበሩና በገዛ እጃቸው ወደ ምንቃሯ ዘረጉ።

"በሞቴ" አሉ።

የጌታ ጉርሻ አይመለስም፤ እንኳን ጅግራ እኛም ብንሆን አንመልስም። አፏን ከፍታ ዋጠች።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አሉና ሁለተኛዋን ደገሟት። አምስቱን ልጆቹ ተሻሙ።

ስትወርድ ከተማው ከሥር ተሰብስቦ ጠበቃት።

"እህሳ፣ ምን ቀረበ?" አሏት።

"ምን ያልቀረበ አለ። ማሩ ብትሉ፣ ሾላው ብትሉ። በእጃቸው አጎረሱኝ እኮ፤ በቃኝ ብል ማን ሰምቶኝ" አለች። ቅናት ያላነቀው አልነበረም።

እማማ ኤሊ ብቻ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ትክ ብለው አዩዋት። "ምንቃርሽን ጥረጊ፣ ልጄ። አስኳል አለበት" አሏት።

በማግስቱ ከተማው ሁሉ ከጅግራ አላንስም ብሎ ያለውን ተሸክሞ ወርካውን ወጣ።

ደጃዝማች ጉሬዛ በዚያ ክረምት ወፈሩ። አጋፋሪው ረዳት ተቀጠረለት። እማማ ኤሊ ወንዝ ተሻግረው በዚያው ቀሩ። ጅግራ ከዚያ ወዲህ እንቁላል አልጣለችም።