ዘጠኝ አገረ ገዦችና አንድ ጥርስ

ያቺ የወንዝ ዳር ግዛት ከእንግሊዝ ንጉሥ ቀንበር ከተላቀቀች ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ንጉሥ እንደሌላት እንዳትረሳ ሕገ መንግሥቷን በአርባ ገጽ ጽፋ፣ በጥጃ ቆዳ አስለብጣ፣ በሴኔቱ አዳራሽ በመስተዋት ሣጥን አስቀምጣዋለች። በተለይ ስለ ሥልጣን መተካካት የተጻፈውን ያነበበ ሁሉ በጥበቧ ይደነቃል። «አገረ ገዥው ቢሞት፣ ሥልጣኑን ቢለቅ ወይም ከግዛቱ ወሰን ቢወጣ፣ የሴኔቱ አፈ ጉባኤ ሥልጣኑን ይይዛል» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ማንም ሰው በሁለት ወንበር አይቀመጥም» ይላል። የተከበሩት አርቃቂዎች የመጀመሪያውን ከምሳ በፊት፣ ሁለተኛውን ከምሳ በኋላ እንደ ጻፉት ይነገራል። በምሳው ላይ የፖም ጠላ እንደ ነበረም የሚክድ የለም።

ይህ ጥበብ የተፈተነው በመጋቢት ወር፣ በአገረ ገዥው በባርናባስ ኮል የመንጋጋ ጥርስ ነው። በግዛቲቱ ውስጥ ሰባት ጄኔራልና አሥራ ሁለት ዳኛ ሲኖር ጥርስ ነቃይ ግን አንድም አልነበረም፤ ያለው ከወንዙ ማዶ፣ በሌላው ግዛት ነው። አገረ ገዥው ረቡዕ ጠዋት ጉንጫቸውን በሻርፕ ጠቅልለው በረዶ የሆነውን ወንዝ በእግራቸው ተሻገሩ። ከሰዓት በኋላ በረዶው ተሰነጣጠቀና እንደ ወፍጮ ድንጋይ እየተጋጨ ይወርድ ጀመር። ጀልባ አይገባበት፣ እግር አይረግጠው። አገረ ገዥው ማዶ ቀሩ።

በዚህ የተጨነቀው የሴኔቱ በረኛ ኤሊሁ ታትል ብቻ ነበር። ኤሊሁ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቶ ምድጃውን ያነዳል፤ መዶሻውን ከመሳቢያ ያወጣና ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ መትቶ ለአፈ ጉባኤው ያስረክባል፤ ማታ መልሶ ይረከባል። የቤቱ ልማድ ይህ ነው። ዘንድሮ ግን ልቡ መዶሻው ላይ አልነበረም። የልጁ የታቢታ ባል ናታን፣ አናጢው፣ ቅዳሜ በቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሰቀል ነው።

የናታን ጥፋት በጭጋግ ከመጠጥ ቤት ሲወጣ በራሱ ፈረስ ፈንታ የሌላ ሰው ፈረስ ላይ መውጣቱ ነበር። ሁለቱም ዳማ፣ ሁለቱም ግንባራቸው ላይ ነጭ ያለባቸው ናቸው። ቤቱ ገብቶ ተኛ፤ ጠዋት ፈረስ ሌባ ሆኖ ተነሣ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ፣ ተሳስቶ የወሰደው ፈረስ ከራሱ የተሻለ መሆኑን አረጋገጠ። በስህተት የተሻለውን የሚመርጥ ሰው የለምና ሞት ፈረደበት። አገረ ገዥው ግን ምሕረት ሊያደርጉለት ቃል ገብተዋል፤ ወረቀቱም ተጽፏል። «ኤሊሁ፣ ይህ ጥርስ ይነቀልልኝና እፈርማለሁ። አሁንስ ስሜም ጠፍቶኛል» ብለውት ነበር የሄዱት።

ሐሙስ ጠዋት አፈ ጉባኤው ኮሎኔል ፊኒያስ ብራድሾ አገረ ገዥው «ከወሰን ስለወጡ» ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ መድፍም ተተኮሰ። ኤሊሁ ወረቀቱን ይዞ ቀረበ።

«ክቡርነትዎ፣ ፊርማ ብቻ ነው…»

«መጀመሪያ ንግግሬን ላድርግ እንጂ! ያለ ንግግር የተጀመረ መንግሥት ምን ያምርበታል?»

ንግግሩ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ኮሎኔሉ ሥልጣን ሸክም እንደሆነ፣ እርሳቸውም ሸክሙን እንዳልፈለጉት፣ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አስረዱ። በዚህ መካከል የቀሩት ስምንት ሴናተሮች ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ትዝ አላቸው። አገረ ገዥ የሆነ ሰው አፈ ጉባኤ ሊሆን አይችልምና ጠበቃውን ጆታም ሌድያርድን አፈ ጉባኤ አድርገው መረጡ። ሌድያርድ ወዲያው ሕገ መንግሥቱን አስወጡ።

«ሥልጣኑን የሚይዘው አፈ ጉባኤው ነው ይላል። አፈ ጉባኤው ደግሞ አሁን እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?» አሉ ኮሎኔሉ።

«እርስዎማ ግሩም ንግግር ያደረጉ ዜጋ ነዎት!»

መድፉ እንደገና ተተኮሰ። ሌድያርድ አገረ ገዥ ሲሆኑ የአፈ ጉባኤው ወንበር እንደገና ባዶ ሆነ፤ ሌላ ተመረጠ፤ እርሱም አገረ ገዥ ሆነ። የዚያን ሴኔት አንድነት ማድነቅ ይገባል። ለድልድይ ሲሆን አምስት ለአራት፣ ለመንገድ ሲሆን አራት ለአምስት ይለያይ የነበረው ቤት አሁን ያለ አንድ ተቃውሞ ይመርጣል፤ ባልንጀራውን ከፍ ባደረገ ቁጥር የራሱ ተራ ይቀርባላ! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እነዚህ ግን ለመብላት ቀርቶ ለመቀመጥም ጊዜ አላገኙም።

ኤሊሁ ወረቀቱን ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረ። ማንም «አልፈርምም» ያለው የለም፤ በዚህ በኩል ሁሉም ሩኅሩኆች ነበሩ። ሌድያርድማ ትከሻውን ይዘው መከሩት።

«ሥልጣኔ ሳይጸና የፈረምኩት ነገ ይሻራል። ልጁን በተሻረ ወረቀት ማዳን ነውር አይሆንም?»

«ጌታዬ፣ ነውሩን እኔ ልቻለው።»

«አይ ኤሊሁ! ሕግ አታውቅም።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኤሊሁና ታቢታ ወንዙ ዳር ወረዱ። ባርናባስ ኮል ማዶ ቆመው ይታያሉ፤ ሻርፑ አልተፈታም። ኤሊሁ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አወዛወዘ። ሰውዬው ሰላምታ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አነሡ። ከአባትና ልጁ ጋር የወረደው የሴኔቱ ጸሐፊ ኢራ ፔክ፣ ከፊደል ወዲህም ወዲያም ንቅንቅ የማይል ሰው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አትድከም። እዚያ ሆነው ቢፈርሙም የእጅ ጽሑፍ እንጂ ፊርማ አይሆንም።»

ታቢታ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ከተማው ውስጥ ስንት አገረ ገዥ አለ?»

«እስካሁን ሰባት ነው ልጄ።»

«ከሰባቱ አንድ የሚፈርም ይጥፋ?»

«አንድ ቢሆኑ ኖሮ ይፈርሙ ነበር።»

አለቀሰች። ኤሊሁም አብሯት አለቀሰ።

ማታ ላይ በሴኔቱ የቀሩት ዲያቆን አሞስ ሂቼንስ ብቻ ነበሩ፤ ጆሯቸው የደከመ፣ ሥነ ሥርዓት አክባሪ ሽማግሌ። ብቻቸውን ተሰበሰቡ። ራሳቸውን ጠቆሙ፤ ጥቆማውን ደገፉ፤ «ተቃውሞ አለ?» ብለው በትሕትና ጠበቁ። ባለመኖሩ ዘጠነኛው አገረ ገዥ ሆኑ። መድፉ ግን ባሩድ ስላለቀበት ዝም አለ፤ እርሳቸው እንደሆነ ዝም ማለቱን አልሰሙም።

ቅዳሜ ሲነጋ ዘጠኙም በአገረ ገዥው ቤት አንዲት ወንበር ከበው ቆመዋል። ወደ ሴኔት የተመለሰ ሰው ሥልጣኑን እንደ ለቀቀ ይቆጠራልና ማንም ንቅንቅ አላለም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ከተባለ ዘጠኝ ያላት ግዛት እንዴት ያለች ዕድለኛ ናት! እያንዳንዳቸው አዋጅ አውጥተው በወህኒ ቤቱ በር ላይ አስቸነከሩ። አዋጁ ሁሉ አንድ ነው፤ የሌሎቹን የስምንቱን ስም እየጠራ የእነርሱን ትእዛዝ የተቀበለ ወየውለት ይላል።

ኤሊሁ ከሰው ያጣውን ከልማድ ፈልጎ እንደሁልጊዜው የሴኔቱን በር ከፈተ። ምድጃውን አነደደ፤ መዶሻውን አውጥቶ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ መታ። ለማን ያስረክብ? ዘጠኙም ወንበሮች ባዶ ናቸው። የሚረከበው ሰው ሲጠብቅ መዶሻውን እንደያዘ ረፋዱ አለፈ። ኢራ ፔክ ከመዝገቡ ቀና አለ።

«አስረክብ እንጂ።»

«ለማን? ሰው የታለ?»

ጸሐፊው የቤቱን ደንብ ገለጠ። ሳይቸኩል አነበበ፤ መነጽሩን ጠርጎ ደገመው።

«አፈ ጉባኤ በሌለ ጊዜ፣ ሌላ እስኪመረጥ ድረስ መዶሻውን የያዘው ሰው አፈ ጉባኤ ነው ይላል። ማነው የያዘው?»

«እኔ ነኛ። ምን ልታመጣ ነው ኢራ?»

«እኔ ምንም አላመጣም፤ የተጻፈውን ነው የማነበው። አፈ ጉባኤ ነህ። አገረ ገዥው ከወሰን ውጭ ናቸው። ቀሪውን መስተዋቱ ውስጥ አንብበው።»

ኤሊሁ ወደ መስተዋቱ ሣጥን ሄዶ አነበበ። ምድጃ ሊያነድ ገብቶ አገር መግዛት በሕልሙም አልመጣበትም። ሰዓቱ ግን ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ብዕር ነከረ።

«ንግግር ማድረግ አለብኝ?»

«ደንቡ አያስገድድም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ!» አለና ፈረመ። ኢራ አተመበት። ጠቅላላ አገዛዙ ይኸው ነው።

ወህኒ ቤት ሲደርስ ናታን እጁ ታስሮ በመስቀያው ደረጃ ላይ ቆሟል፤ ታቢታ ከሥር ሆና እግሩን ይዛለች። የወህኒ ቤቱ ሹም ወረቀቱን ተቀብሎ በበሩ ላይ ከተቸነከሩት አዋጆች ጋር ስም በስም አስተያየ።

«የብራድሾን እንዳልቀበል ስምንት ሰው ከልክሎኛል። የሌድያርድንም እንደዚያው። የዲያቆኑንም። ታትል… ታትል… ታትልን የከለከለ የለም!»

«የለም» አለ ኤሊሁ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ማን ያስታውሰኛል ብለህ?»

«እንግዲያው በዚህ አገር ሊታዘዙት የሚቻል ሰው አንተ ብቻ ነህ» አለና ገመዱን በቢላ በጠሰው። ታቢታ ጮኸች። ኤሊሁ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

ሰኞ ወንዙ ጠርቶ ባርናባስ ኮል በጀልባ ተመለሱ። የእርሳቸው እግር ወሰኑን ሲረግጥ ዘጠኙም ሥልጣናቸውን አጡና ወደ ሴኔት ገብተው አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው አርባ ቀን ተቀምጦ የጥፋቱን ሥር አገኘው፤ የሥልጣን መተካካቱ አንቀጽ እንከን የለሽ ነው፤ ችግሩ የበረኛው መዶሻ መያዝ ነው። ስለዚህ በረኛ ከእንግዲህ መዶሻ እንዳይነካ የሚል ሕግ ያለ ተቃውሞ አጸደቁ። የዘጠኙም ሥዕል በአዳራሹ ግድግዳ እንዲሰቀል ወሰኑ። ክፈፉን የሠራው ናታን ነው፤ የሰቀለው ኤሊሁ።

ሕጉ ለፊርማ ሲቀርብ አገረ ገዥው ጉንጫቸውን በሻርፕ እንደጠቀለሉ ነበር። ኤሊሁ ቀለሙን አቀረበላቸው።

«ክቡርነትዎ፣ አሁንም ያምዎታል እንዴ? አልተነቀለም?»

«ተነቅሏል እንጂ!» አሉ እያቃሰቱ። «ያ ደንቆሮ ጤነኛውን ነቅሎ የበሰበሰውን ተወልኝ።»

ኤሊሁ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ዘጠኝ ሥዕሎች አየ፤ ከዚያም በአገረ ገዥው እጅ ያለውን ሕግ አየ።

«ጥርስ ነቃዩ ከወንዙ ወዲህም ይሠራል ማለት ነዋ» አለና ብዕሩን አቀበላቸው።